የጠረጴዛው ግራ ጫፍ

ጥቅምት 8

ይድረስ ለአጎቴ፣ ለሬዲዮ ሐኪሙ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራዬ ያው የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ አንሶላ ወደ ትኩሱ ጥቅል ብረት አስገባለሁ፣ በዚያ በኩል ባልደረባዬ እየተቀበለች ታጥፋለች። እንፋሎቱ ፊቴን አለስልሶታል፤ ብታየኝ አሥር ዓመት ቀነሰች ትላለህ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ግን አትሳቅብኝ። ጊታር ገዛሁ። ኤሌክትሪክ ጊታር። አሮጌ ዕቃ መሸጫው ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ሁሉ ርካሹን መርጬ፣ የምሳ ዕቃ ከምታህል ድምፅ ማጉያ ጋር። ለምን ካልከኝ፣ ክፍሌ ዝም ስላለብኝ ነው። አንተ ሬዲዮህን፣ አባዬ በሩንና መስኮቱን፣ አንድ ግድግዳ ተጋርታችሁ ስትሠሩ በአንድ ጆሮዬ መጋዝ በሌላው ዜና እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ዝምታ አይስማማኝም።

የመጀመሪያ ቀን ሽቦውን ሰካሁና ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቴ ነካ አደረግኩት። አጎቴ፣ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ብርጭቆ ውስጥ ውሃው ክብ ክብ ሠራ። እጄን አገላብጬ አየሁት። በአንድ ጣት ንክኪ ክፍል የሚሞላ ነገር በሕይወቴ ነክቼ አላውቅም። ፈርቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ከዚያ ተነስቼ እንደገና ነካሁት።

ችግሩ ቅኝቱ አይጸናም። አንዱን ክር አስተካክዬ ወደ ሌላው ስሄድ የመጀመሪያው ይረግባል። ግራኝ ስለሆንኩ ደግሞ ጊታሩን ገልብጬ ነው የምይዘው፤ ክሮቹንም ቦታ አለዋውጬ አስሬያቸዋለሁ። የድምፁ ማዞሪያ ክንዴ ሥር እየገባ ሳላስበው ድምፁ ይጠፋብኛል። ወፍራሙ ክር ለቀጭኑ የተሠራው ቦይ ውስጥ አልገባም ብሎ ላዩ ላይ ተቀምጧል። ጣዪውና ሌላ ግዢ እንዳትለኝ፤ እወደዋለሁ። እንደ ሬዲዮዎችህ አድንልኝ።

አባዬስ? ስለ እኔ ይጠይቃል? የሥራ ቤቱን ቁልፍ የሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ አጠገቡ እሠራበት በነበረው ጫፍ አስቀምጬ ሳልሰናበተው ከአገር ከወጣሁ አራት ዓመት ሊሞላ ነው። ብነግረው ኖሮ እግሬ አይነሳም ነበር። ይህን አንተ ታውቃለህ፣ እሱ ግን አያውቅም። ከእሱ አንዲት ቃል ብቻ ብትልክልኝ።

የወንድምህ ልጅ


ኅዳር 11

ለግራኟ የወንድሜ ልጅ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ የምትውዪበትም የምታድሪበትም ቤት ሰላም ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ ማጠፊያ ይንቋቋል፣ ግን ይታጠፋል። በስልክ ብትነግሪኝ ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር፤ ደብዳቤሽን ግን አምስት ጊዜ አነበብኩት።

እውነቱን ለመናገር ስለ ጊታር አላውቅም። ክር ያለው ዕቃ እኔ ቤት ከመጣ የሬዲዮ መርፌ የሚጎትተው ክር ነው። ርካሽ ዕቃ ግን አውቃለሁ። ርካሽ ዕቃ መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ የሠራው ሰው ቸኩሎ ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ እንግዲህ ለቃሚዎቹ ነን፣ ስለዚህ አንቸኩልም።

የቤታችንን ደንብ ታውቂዋለሽ፣ ግን አራት ዓመት አንሶላ ስትተኩሺ ረስተሽው ይሆናል። አንድ ዕቃ ትቀይሪያለሽ። ከዚያ ሙሉ ሳምንት ያንኑ አንድ ዜማ ትጫወቺበታለሽ። ከዚያ ምን እንደተለወጠ ትጽፊልኛለሽ፤ "ጥሩ ሆነ" ብለሽ ግን እንዳትጽፊልኝ። ሁሉን ባንዴ የቀየረ ሰው የትኛው እንዳዳነው ሳያውቅ ይሞታል።

ሁለተኛው ደንብ፣ የተነቀለ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል። እኔ የሰው ሬዲዮ ስጠግን አሮጌውን ዕቃ በፖስታ አድርጌ መልሼ እንደምሰጥ ታስታውሻለሽ። ደንበኛው በዓይኑ ያያል፣ መቀየሩን ያምናል። አሁን ጠጋኟ አንቺ ነሽ፣ ደንበኛው እኔ ነኝ። የነቀልሽውን ሁሉ ላኪልኝ፤ አለዚያ አላምንሽም።

ከመቃኛ ጆሮዎቹ ጀምሪ፤ እነዚያ ክሩን የሚወጥሩት ስድስቱ። የሚረግቡት እነሱ ናቸው።

አባትሽ ደህና ነው። በር ይሠራል። ደብዳቤ ጮክ ብዬ ነው የማነበው፣ ታውቂኛለሽ። ያንቺን ሳነብ ከግድግዳው ወዲያ መጋዙ ቆመ። ስጨርስ ቀጠለ። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 20

ይድረስ ለደንበኛዬ፤

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህን ሙቅ ውሃ እየያዝክለት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ ነው፣ እሱም የሚያገኘኝ ከልብስ ማጠቢያው በር እስከ ቤቴ በር ነው።

ስድስቱ መቃኛ ጆሮዎች በዚህ ፖስታ ውስጥ አሉ። አዲሶቹን አሥራ ስምንት ጊዜ አዙሬ ነው ክሩ የሚጠመጠምበት ዘንግ አንድ ጊዜ የሚዞረው። አሥራ ስምንት። ድምፁ ከፍ ሲል አይዘልም፤ ቀስ ብሎ ይወጣና የሚፈልገው ቦታ ሲደርስ ይቆማል። እኔ ያቆምኩት አልመሰለኝም።

"ጥሩ ሆነ" አትበዪ ስላልክ የሆነውን ልንገርህ። ጠዋት ቃኝቼው ወጣሁ። ስመለስ ኮቴን ሳላወልቅ ስድስቱንም ነካኋቸው። ጠዋት እንደተውኳቸው ናቸው። አንዱም አልረገበም። አጎቴ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ ከሥራ ስገባ እንደተውኩት የጠበቀኝ ነገር ይህ የመጀመሪያው ነው። ኮቴን እንደለበስኩ አለቀስኩ፤ ከዚያ በራሴ ሳቅኩ።

አባዬ በር ይሠራል አልክ። ለማን ነው በሩ? ያችን አንዲት ቃል አልላክህልኝም።

ጠጋኝህ


ጥር 22

ለወንድሜ ልጅ፤

ፖስታሽ በሰላም ገባ፤ አንቺም በገባሽበት ሁሉ ሰላም ግቢ። ስድስቱን ጆሮዎች ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ጥርሳቸውን ቆጠርኩ። ይህችን የምታህል ጥርስ የሠራ ሰው ዓይኑ ይባረክ፣ ቢቸኩልም። ትልቅ ሰው ሆኜ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሳዞራቸው ዋልኩ። አንድ ሬዲዮ ልታስጠግን የመጣች ሴትዮ "ሥራ ፈተሃል?" ብላኝ ሄደች።

አባትሽ መጠምዘዣ ሊበደር መጣ። ሦስት መጠምዘዣ አለው። አንዱን ጆሮ አንስቶ በአውራ ጣቱ እያዞረ ብዙ ቆመ። "ጥርሱ ልል ነው" አለ። መጠምዘዣውን ረስቶት ሄደ። በኋላ ስቆጥር ጆሮዎቹ አምስት ናቸው። አይጥ ወስዶት ይሆናል፤ በር የሚሠራ አይጥ።

አሁን ወደ ማረፊያው እንለፍ። ክሮቹ አንገቱ ጫፍ ላይ የሚያርፉባት ያቺ ነጭ ፕላስቲክ፣ ቦይ ያላት። ወፍራሙ ክር አልገባም አለ ያልሽው እሷ ላይ ነው። ከአጥንት ይሠራል አሉ። ያልተቦረቦረ አጥንት ግዢና ቦዮቹን ራስሽ ሞርጂ። የማን ልጅ እንደሆንሽ አትርሺ።

ሁለት ነገር ላኪልኝ። አንድ፣ የጊታሩን ፎቶ። ሁለት፣ ክሩን የምትጫኚበትን እጅሽን ወረቀት ላይ ዘርግተሽ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪና ላኪው። ክሮቹ ምን ያህል መራራቅ እንዳለባቸው ጣትሽን ሳላይ ልነግርሽ አልችልም።

አጎትሽ


የካቲት 25

ይድረስ ለአጎቴ፤

ሰላምና ጤና ለአንተ፣ ለሠራሃቸው ሬዲዮዎች ሁሉ ደግሞ ዕድሜ። መልስህን ሳልጠብቅ ሞረድኩት፤ ይቅር በለኝ፣ እጄ አላስችል አለኝ።

የሆስፒታሉን ማሞቂያ የሚጠግነው ሰውዬ ሞረድ አዋሰኝ። አጥንቱን መስኮቱ ደፍ ላይ በጨርቅ ጠቅልዬ አሰርኩትና ጀመርኩ። አራት ዓመት ሙሉ ከትኩስ ብረት በቀር መሣሪያ አልያዝኩም ነበር። እጄ ግን አልረሳም። "አትግፊው፤ ሞረዱ ራሱ ይሂድ" ይለኝ የነበረው አባዬ አጠገቤ የቆመ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ዞር አልኩ።

ድሮ ክሩን ሳልጫን ስመታው ሰባት እስክቆጥር ይሞት ነበር። አሁን አሥራ ዘጠኝ ቆጠርኩ። መጨረሻ ላይ ድምፁ እየቀጠነ ይሄድና፣ ቆመ ወይስ አልቆመም የማትልበት ቦታ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ትንፋሼን ይዤ እቀራለሁ። ከአንዲት የአጥንት ቁራጭ ይህ ሁሉ ጊዜ እንደሚወጣ ማን ያውቃል? አሥራ ሁለት ሰከንድ ከየት መጣ?

ፕላስቲኩን፣ ፎቶውንና የእጄን ሥዕል ልኬያለሁ። ፎቶው ላይ አልጋው አልተነጠፈም፤ ለማንም አታሳይ።

አሁን ስለ አባዬ እውነቱን ንገረኝ። "ደህና ነው፣ በር ይሠራል" እንዳትለኝ። ልጅ አይደለሁም። ስሜ ሲነሳ ምን ይላል?

የወንድምህ ልጅ


ሚያዝያ 3

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አለፈው። ብዕር ስይዝ ስጥል ነው የቆየሁት። እውነቱን ብለሻል፤ እንግዲህ እውነቱ ይኸው።

ፖስታሽን እንደከፈትኩ አባትሽ ገባ። የእጅሽ ሥዕል ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ ነበር። አነሳው። አሥራ ሁለት ዓመትሽ ሳለ መሮ የበላብሽ አመልካች ጣት፣ ጫፉ ላይ መስመሩ ጎደል ይላል። ጣቱን እዚያ ጎደሎ ላይ አስቀመጠና ቆመ። ጠራሁት፣ አልሰማኝም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ። የበር ድምፅ አልነበረም፣ የወፍራም እንጨት ነው። ሄድኩ። ትልቁን የሥራ ጠረጴዛ፣ አባታችን ያወረሰውን፣ ግራ ጫፉን እየቆረጠው ነው። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትሠሪበት የነበረውን ጫፍ። "ምን ማድረግህ ነው?" አልኩት። "ቦታ ያጣብባል" አለኝ። ቆርጦ ጨረሰና ጉማጁን ተሸክሞ ወደ ጓሮ ገባ።

ስምሽ ሲነሳ ምን ይላል ብለሽኛል። ምንም አይልም። የእጅሽን ሥዕል ያስላኩት እኔ ነኝ፤ ቁስሉን የነካሁት እኔ ነኝ። አርፌ ብቀመጥ ይሻል ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው አስቤ ነበር፣ አንቺን መዋሸት ግን አልሆነልኝም።

አጎትሽ


ሰኔ 14

ይድረስ ለአጎቴ፤

እንደምን አለህ? እኔ አለሁ።

ደብዳቤህን ልብስ ማጠቢያው በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ወሽመጤ ቁርጥ አለ። አልፈርድበትም፤ እኔም ሳልነግረው ነው የሄድኩት። ብቻ ያ ጫፍ እዚያ እስካለ ድረስ መመለሻ ያለኝ ይመስለኝ ነበር። የቁልፉን ቦታ እንኳን በዓይኔ አየው ነበር፤ ከሞርሳው አጠገብ፣ ኮላ የፈሰሰበት።

ጊታሩን አልጋ ሥር ከትቼው አራት ሳምንት ሳልነካው ከረምኩ። አንድ እሑድ አልቻልኩም፣ አወጣሁት። ክሮቹ በታች በኩል የሚያርፉበትን ድልድይ ቀየርኩ፤ ሳምንቴን ጠበቅኩ። ከዚያ ፒክአፑን ቀየርኩ፤ ከክሮቹ ሥር ያለውን ድምፅ ለቃሚ። አንተ ባስተማርከኝ ብየዳ፣ እርሳሱ ሲያብረቀርቅ መበየጃውን አነሳሁ። ድሮ ሁሉም ክር ባንድ አፍ ይጮህ ነበር። አሁን ስድስቱን አንድ ላይ መትቼ እያንዳንዱን ለብቻው እሰማለሁ፤ የጣቴ ቆዳ ክሩን ሲለቅ እንኳን ይሰማል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስ ብሎኛልም። ግን ለማን ላሳየው?

አሮጌው ድልድይና አሮጌው ፒክአፕ ይኸው። የተነቀለ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል ትላለህ። ባለቤት ካለው።

ስለ አባዬ ከእንግዲህ አልጠይቅህም።

የወንድምህ ልጅ


ሐምሌ 19

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላም፣ ጤና፣ እንቅልፍ ይስጥሽ፤ በተለይ እንቅልፍ። ዕቃው ደርሷል። ፒክአፕ ብለሽ ስትጽፊ እኔ መኪና የገዛሽ መስሎኝ ነበር። ሽፋኑን ገልጬ አየሁት። ጸጉር ከዚህ ሽቦ ጋር ሲተያይ ገመድ ነው። ስንት ሺህ ጊዜ እንደተጠመጠመ ልቆጥር ጀምሬ ዓይኔ እምቢ አለኝ። ያ ሁሉ ሽቦ ክሩን አይነካውም፤ እየተንቀጠቀጠ ሲያልፍ ብቻ ያውቀዋል። አርባ ዓመት ከማግኔትና ከሽቦ ጋር ኖሬ ዛሬም አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። አንድ ደንበኛ የጊታር ልክ ፈልጓል። ከአጥንቱ ማረፊያ አንገቱ ላይ በአግድም እስከተደረደረው እስከ እያንዳንዱ ቀጭን ብረት ያለውን ርቀት፣ ሃያ አንዱንም፣ በሚሊሜትር ለኪልኝ። ከማረፊያው እስከ ድልድዩም። የአንገቱን ውፍረት ደግሞ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች። ሰውዬው ነጭናጫ ነው፤ ግማሽ ሚሊሜትር ብትስቺ አይምረኝም።

ስለ ሌላ ነገር አልጽፍም።

አጎትሽ


ነሐሴ 16

ይድረስ ለአጎቴ፤

ሰላም ለአንተ። ቁጥሮቹ በሌላው ወረቀት ላይ ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ለክቻለሁ፤ ግማሽ ሚሊሜትር አልሳትኩም። ይህን ከማን እንደተማርኩ አንተ ታውቃለህ።

ደንበኛህ ጊታር ከፈለገ ሄዶ አይገዛም? ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ምን አመጣው? ብቻ ይሁን። ስለ አባዬ ስላልጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። አይ፣ አላመሰግንህም። መጻፍህን ለምጄ ነበር።

የወንድምህ ልጅ


ጥቅምት 30

ለግራኟ የወንድሜ ልጅ፤

የዛሬው ሰላምታ ከሁለት ሰው ነው። አንዱ ግን ሰላምታ መጻፍ አያውቅበትም።

ይህን ደብዳቤ ከሣጥኑ ጋር አብረሽ ነው የምታገኚው። ሣጥኑን ሳትከፍቺ አንብቢ ብልሽ ስለማትሰሚኝ፣ ከፍተሽ እንደሆነ ቆጥሬ እጽፋለሁ።

ያቺ የሰኔዋ አጭር ደብዳቤሽ ስትደርሰኝ ደሜ ፈላ። በዕድሜዬ ታላቄን ተናግሬው አላውቅም፤ ያን ቀን ልናገረው ቆርጬ በጓሮ በር ገባሁ። ጉማጁ ሞርሳ ላይ ነው። ላዩ ላይ የጊታር ቅርጽ በእርሳስ ተሥሏል። አጠገቡ የእጅሽ ሥዕል በአራት ሚስማር ተወጥሯል፤ ሚስማሮቹ ወረቀቱን እንዳይበሱ ዳር ዳሩን ነው የያዙት። ያ የጠፋው መቃኛ ጆሮም እዚያው ነበር። የመጣሁበትን ረሳሁት።

"ይህ ቀኝ እጇ ነው" አለኝ ሥዕሉን እያሳየኝ። "መሮ የበላት ቀኝ እጇን ነው፤ በግራዋ ስለምትሠራ። በቀኟ ክር ከተጫነች መሣሪያው ተገልብጧል ማለት ነው። ልጄ በተገለበጠ ዕቃ ትሥራ?"

እኔ ዓመቱን ሙሉ ግራኝ ግራኝ እያልኩ ስጠራሽ፣ ገልብጬ ነው የምይዘው ብለሽ በግልጽ ጽፈሽልኝ፣ አንዲት ቀን እንኳን ትዝ አላለኝም። ጆሮ ቀይሪ፣ ድልድይ ቀይሪ እያልኩ ቁጭ አልኩ። ጊታሩ ራሱ የተሠራው ለሌላ እጅ ነበር።

ጠረጴዛውን ስለመቁረጡ ጠየቅኩት። አርባ ዓመት የደረቀ እንጨት ሌላ የለኝም አለ። ሌላ ምክንያት ቢኖረውም አልነገረኝም፤ አንቺ ጋ የሚደርስ ቃል እንዳልጽፍም አስማለኝ። ልኩን የጠየቀሽ ነጭናጫ ደንበኛ እሱ ነው። አንገቱን ሦስት ጊዜ ሠርቶ ሁለቱን አነደደው። የአንገቱን አግድም ብረቶች እኔ ከነሐስ ሽቦ ቀጥቅጬ ቆረጥኩ። ማረፊያውን ከቀንድ ሞረደ። የቀረው ሁሉ ያንቺው ነው፤ ጆሮዎቹ፣ ድልድዩ፣ ፒክአፑ። የተነቀለ ዕቃ ለባለቤቱ ተመልሷል።

ስንጨርስ ሬዲዮ ላይ ሰካሁትና ክሩን ንካው አልኩት። እምቢ አለ፤ "የሷ ነው" አለ። እኔ ነካሁት። የእንጨቱ ጀርባ ላይ መዳፉን አስደግፎ ነበር። ድምፁ እስኪያልቅ እጁን አላነሳም። ከዚያ "ይሄ ሁሉ ጊዜ ውስጡ ነበር?" አለኝ።

እሱ የጻፈልሽ በብርጭቆ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው፤ ከሣጥኑ ክዳን ሥር ፈልጊው። አላነበብኩትም። እሺ፣ አንብቤዋለሁ።

አጎትሽ


(በአናጺ እርሳስ፣ በብርጭቆ ወረቀት ጀርባ ላይ)

ፊቱን ልጌዋለሁ። ጀርባውን አልነካሁትም። አንገቱ ውስጥ ብረት ቀብሬያለሁ፤ ቢሆንም እንጨት አገር ሲለውጥ ይጣመማል። ክሩ ከፍ ካለብሽ ራስሽ አስተካክዪው። ካቃተሽ ይዘሽው ነዪ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 9

ይድረስ ለአጎቴ፤

ሰላምታዬን ዛሬ ከየት እንደምጀምረው አላውቅም፤ ካለህበት ሁሉ ይድረስህ።

ሣጥኑን ሳልከፍት አላነበብኩም፤ አውቀኸኛል። ስከፍተው ጀርባው ነበር ወደ ላይ። አጎቴ፣ እንጨቱን ጊታር መሆኑን ሳላይ ነው ያወቅኩት። የመጀመሪያ መጋዜ የሳታቸው ሦስት ጭረቶች አሉ። ኮላው የፈሰሰበት አለ። ቁልፉን ያስቀመጥኩበት ቦታ እዚያው ነው። እንጨት ሳይልግ ከእጁ አውጥቶ የማያውቅ ሰው ያንን ሁሉ ትቶልኛል። ወለሉ ላይ ተቀምጬ በጣቴ እያንዳንዱን ነካሁ። አንሶላ የምታጥፈው ባልደረባዬ አብራኝ ነበረች፤ ተነስታ ሻይ አፈላችልኝ።

ከዚያ ገለበጥኩትና አነገትኩት። ክንዴ የሚገባበት ማዞሪያ የለም። የሚቆረቁረኝ ጠርዝ የለም። ግራ እጄ ክሩ ላይ፣ ቀኝ እጄ አንገቱ ላይ ወደቁ፤ ቦታቸውን ማንም አላሳያቸውም። የአንገቱ ውፍረት መዳፌ ውስጥ ልክ ነው። በአንዲት ሥዕል ብቻ ይህን እንዴት አወቀ? አመልካች ጣቴ ጎደሎ መሆኑን አስቦ የዚያን በኩል ጠርዝ ትንሽ አቅጥኖታል። እኔ ራሴ እንዳለብኝ የረሳሁትን።

እንደ ደንቡ ልጻፍልህ። ልል ጥርሶቹ እስካሁን ልል ናቸው። ፒክአፑ እንደ ድሮው ያጉረመርማል። ግን ወፍራሙን ክር ስመታው ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት በጆሮዬ አይደለም፣ በሆዴ ነው። እንጨቱ በሙሉ ተነሳ። ያ እየቀጠነ የሚሄድ ቦታ፣ ቆመ ወይስ አልቆመም የሚባለው፣ ይህኛው ጋ ሲደርስ ሠላሳ አንድ ቆጥሬ ነበር፤ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። ጥዬው የነበረ ዕቃ ሁሉ እየዘመረ ነው። ጥሩዎቹን ዕቃዎች ከርካሹ ጊታር ነቅዬ እዚህ ላይ ላድርጋቸው ብዬ ነበር፤ አላደርግም። አንዱንም አልነቅልም።

አሁን የምነግርህን እንዳታጋልጥብኝ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አንገቱ ላይ አጋድሜ በመስኮት ብርሃን አየሁት። ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት የለም። በማግስቱም ለካሁት፣ በሳምንቱም ለካሁት። አልተጣመመም፤ ክሩም ከፍ አላለም። እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው።

ለአባዬ የጻፍኩት በዚሁ ፖስታ ውስጥ ነው። ጮክ ብለህ እንዳታነብ፤ ግድግዳውን ዞረህ በእጁ ስጠው።

የወንድምህ ልጅ


አባዬ፤

አንገቱ አቅቶኛል።

ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል፤ የካቲት 3 ይዤው እመጣለሁ። ጠረጴዛውን በሌላ እንጨት እንዳትቀጥለው። ጫፉን ይዤ ነው የምመጣው።

ልጅህ